እንባው አለ፣ ሒሳቡ የለም
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት «ፕላስቲክ ሜሞሪስ» በተባለው የጃፓን አኒሜ (በሥዕል የሚሠራ ፊልም) ላይ ነው። ላላያችሁት ባጭሩ፦ በ2015 የወጣ፣ ዶጋ ኮቦ የተባለ ስቱዲዮ የሠራው ባለ 13 ክፍል ተከታታይ ነው (በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። «ጊፍቲያ» የሚባሉ ሰው መሰል ሮቦቶች በየቤቱ እንደ ቤተሰብ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ከ81,920 ሰዓት አያልፍም። ያ ሲሞላ ትዝታቸውም ጠባያቸውም ይፈራርሳል፤ ስለዚህ የአምራቹ ድርጅት ሠራተኞች ቀኑ ሳይደርስ ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰበስቧቸዋል። ጹካሳ የሚባል ወጣት እዚያ ይቀጠርና ኢስላ ከምትባል ጊፍቲያ ጋር ይመደባል፣ ይወዳታልም። የእሷም ጊዜ ተቃርቧል።

«እህቴ እያለቀሰች ጨረሰችው። እኔን ግን ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ፤ ለምን ኮፒ አያደርጓትም? የእኔ ስልክ እንኳ ማታ ማታ ፎቶዎቼን ወደ ኢንተርኔት ይልካል።»
የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ አራት ኪሎ

የታሪኩን ትልቁን ቀዳዳ ነው የያዙት። በቁጥር እንየው። ኢስላ በሕይወቷ ያየችውን በሙሉ በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሆነ ጥሩ ቪዲዮ ትቅዳ እንበል። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ በሰዓት 9 ጊጋባይት ይመጣል፤ በ81,920 ሰዓት ሲባዛ 737 ቴራባይት ገደማ። ብዙ ይመስላል እንጂ 24 ቴራባይት የሚይዙ 31 ሃርድ ዲስኮች ይበቁታል። ሁሉንም በአንዴ፣ በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር እንገልብጥ ካልን 68 ቀን ይፈጃል። የዕለት የዕለቱን ብቻ ማታ ማታ ከገለበጥን ግን 216 ጊጋባይት ነው፤ መስመሩ በሙሉ አቅሙ ከሠራ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

«ቪዲዮ ጠባይ አይደለም» የሚል ካለ ልክ ነው። የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተማረውን የሚያስቀምጠው በቁጥሮች ነው። 100 ቢሊዮን ቁጥሮች እያንዳንዳቸው 2 ባይት ቢይዙ 200 ጊጋባይት ናቸው፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ፍላሽ ይችላቸዋል። ስለዚህ የማከማቻ እጥረት ሰበብ አይሆንም።

ሰዓቱም ራሱ ያጠራጥራል። 81,920 ማለት 1,024 (ኮምፒውተር በሁለት በሁለት እያባዛ ሲቆጥር የሚደርስበት ቁጥር) በ80 ሲባዛ ነው፤ የኮምፒውተር ሰው የመረጠው ቁጥር እንደሆነ ያስታውቃል። የዚህ ዓይነት ሞት በእውነተኛው ዓለምም ታይቷል። በ2019 የኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ ኢንተርፕራይዝ አንዳንድ ኤስኤስዲዎቹ (የሚሽከረከር ክፍል የሌላቸው የመረጃ ማከማቻዎች) ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ፣ ማለትም በ3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ ሥራ እንደሚያቆሙና ውስጣቸው ያለው መረጃም እንደማይመለስ ለደንበኞቹ አስታወቀ። ምክንያቱ የፈርምዌር፣ ማለትም ዕቃው ውስጥ ተጭኖ የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ስህተት ነበር። መፍትሔው ደግሞ ሰዓቱ ሳይሞላ አዲስ ፈርምዌር መጫን፤ ማንም አላለቀሰም። የጊፍቲያ አምራች ይህን ለምን እንደማያደርግ አሳማኝ ምክንያት አይሰጠንም።

የሚያናድደው ግን ቀዳዳው በአንድ ዓረፍተ ነገር መደፈን መቻሉ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው ጄፍሪ ሂንተን በ2022 «ሟች ስሌት» ያለው ሐሳብ አለ። ዲጂታል ያልሆኑ ቺፖች አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይለያያሉ፤ ሥልጠናው የዚያን የአንዱን ቺፕ ጉድለት ሳይቀር እየተጠቀመ ይሄዳል። ውስጡ ያለውን አንብቦ ወደ ሌላ ቺፕ መገልበጥ ዋጋ የለውም፤ የለመደ ጫማ ከባለቤቱ እግር ውጪ ለማንም እንደማይመች ማለት ነው። ቺፑ ሲሞት የተማረው አብሮ ይሞታል። ተከታታዩ ከሂንተን ጽሑፍ ቀድሞ ቢወጣም፣ «የጊፍቲያ አእምሮ ከአካሉ አይነጠልም» ብሎ የሚያስረዳ አንድ መሐንዲስ በመጀመሪያው ክፍል ለማስገባት ሂንተንን መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ያን ጊዜ የእህትዎ እንባ ሕጋዊ ይሆን ነበር።

«ስልክ ነው የምጠግነው፤ ባትሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እነዚህ ሮቦቶች ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጡ ይውላሉ። ኃይሉ ከየት መጣ?»
ፒያሳ

ከደራሲው ብዕር ነው የመጣው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የአንድ አኒሜ ሳይሆን የዘውጉ በሙሉ ነው።

አሲሞ የተባለው የሆንዳ ሰው መሰል ሮቦት በ2005 ቁመቱ 130 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 54 ኪሎ ነበር፤ በአንድ ቻርጅ የሚሠራው ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው። አሁን የተሻለ ማሽን እንገምት፤ በአማካይ 400 ዋት እየበላ 16 ሰዓት የሚንቀሳቀስ። 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ ከነማቀፊያው በኪሎ 180 ዋት ሰዓት ቢሰጥ ባትሪው ብቻውን 36 ኪሎ ገደማ ሆነ። ኢስላን የምታክል ቀጭን ልጅ ውስጥ ይህ ከገባ ለሞተርና ለአጥንት ቦታ የለም።

ቀጥሎ ሙቀቱ አለ። የገባው 400 ዋት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት፤ ሰው በላብ ይገላገለዋል፣ ጎማ መሰል የሲሊኮን ቆዳ ግን ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ የሆነ ቦታ አየር መሳቢያና ማስወጫ ያስፈልጋል፤ የተሣሉት ሮቦቶች ላይ ግን አንገታቸው ሥር እንኳ ቀዳዳ አይታይም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከፍታችን ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነ አየሩ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የባትሪውን ዕድሜ እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል። በየቀኑ አንዴ ቻርጅ ቢደረግ 81,920 ሰዓት ማለት 3,413 ሳይክል (ሞልቶ ማለቅ) ነው። 1,000 ሳይክል የሚችል ባትሪ በመሃል 3 ጊዜ ይቀየራል። ከባትሪው ሌላ ቀድመው የሚሄዱት በክርንና በጉልበት የሚያልፉት ገመዶች ናቸው፤ እየታጠፉ እየተዘረጉ ውስጣቸው ይቆረጣል። ከዚያ ማርሾቹ ይላላሉ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ቆዳውም መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ኢስላ ጊዜዋ ሲቀርብ አካሏ እየደከመ መሄዱ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ይህ በመለዋወጫ የሚመለስ ድካም ነው።

እውነተኛ ሮቦቶችን የሚገድላቸውም የመለዋወጫ እጦት ነው። ሶኒ አይቦ የተባለውን ሮቦት ውሻ በ1999 ለገበያ አቀረበ፣ በ2006 ማምረት አቆመ፣ በ2014 ጥገናውንም ዘጋ። በ2015፣ አኒሜው በወጣበት ዓመት ማለት ነው፣ ቺባ ውስጥ ኢሱሚ በምትባል ከተማ ያለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ለሞቱት አይቦዎች ጸሎተ ፍትሐት አደረገላቸው፤ ከዚያ ተፈታተው ክፍሎቻቸው ለታመሙት ተሰጡ። ደራሲዎቹ ደጃቸው ላይ ያለውን ታሪክ አልፈው ሩቅ ሄዱ።

«ዕድሜው ያለፈበት ጊፍቲያ ሰው የማይለይ አደገኛ ፍጡር ይሆናል። አምራቹ ይህን እያወቀ እንዴት ይሸጣል? ተጠያቂነቱስ?»
የሕግ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ

ተጠያቂነቱን አኒሜው በፈቃድ ፊርማ ይሸፋፍነዋል፤ ባለቤቱ ይፈርማል፣ ሮቦቱ ይወሰዳል። የቴክኒኩ ጥያቄ ግን ከዚያ ይቀድማል፦ ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ አደጋው ለምን ይደርሳል? ከአእምሮው ተለይቶ የሚቆጥር አንድ ርካሽ የሰዓት ሰርኪት 81,900ኛው ሰዓት ላይ የሞተሮቹን ኃይል ቢቆርጥ 20 ሰዓት ይተርፋል። የሞተር መቆጣጠሪያው ከተወሰነ አምፔር በላይ እንዳያሳልፍ ማድረግም ይቻላል፤ ያን ጊዜ አእምሮው ቢፈራርስ እንኳ ክንዱ ሰው የሚሰብር ጉልበት አያገኝም። ሰውን በቅርብ የሚያገለግሉ ሮቦቶች የደኅንነት መመዘኛ፣ አይኤስኦ 13482፣ የወጣው በ2014 ነው፤ ተከታታዩ ከመታየቱ አንድ ዓመት በፊት።

«በስታዲየምና በለገሃር መካከል የሚሆን የሮቦት ኮሚክ እየሣልኩ ነው። እነዚህን ስህተቶች እንዳልደግም ከምን ልጀምር?»
ሠዓሊ፣ አራዳ

ገጸ ባሕርይዋን ከመሣልዎ በፊት የማትችለውን በአንድ ገጽ ይጻፉ። ታሪክ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ከላይ ያሰላነውን ባትሪ ይውሰዱ። የቤት ሶኬት 220 ቮልት በ10 አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎዋት ነው፤ 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት የሚባክነው ተጨምሮ 3 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ቢሄድና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢመጣ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሥራ መግባት ያለባት ሮቦት ሙሉ ሳትሆን ትወጣለች። ምዕራፍ አንድ ተገኘ።

በእግር ትሂድ ወይስ በጎማ? ፔፐር የተባለው የጃፓኑ ሶፍትባንክ ኩባንያ ሮቦት በ2014 ሲተዋወቅ እግር አልነበረውም፤ 28 ኪሎ ሆኖ በሦስት ጎማ ነው የሚንሸራተተው። ለሆቴል ወለል ጥሩ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ግን አሥር እርምጃ አይሄድም። እግር ከሰጧት ክብደቷ ከፍ ይላል፤ 90 ኪሎ የምትመዝን ቀጭን ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ጎማው ዝቅ ይላል፣ ረዳቱም የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። ይህን አንድ ፓነል ላይ ቢሥሉት አንባቢ ሳይነገረው ክብደቷን ያውቃል።

ክረምቱን አይርሱ። ውኃ የሚገባው በአንገት፣ በእጅ አንጓና በቻርጅ መሰኪያው ነው። በየመገጣጠሚያው ጎማ ማሸጊያ ካደረጉባት ዝናቡን ትችላለች፣ ሙቀቱ ግን መውጫ ያጣል፤ ወይ ትርጠብ ወይ ትጋል፣ ሁለቱንም ማምለጥ አትችልም።

መለዋወጫም አለ። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት፣ ሶፍትዌሯን በመሥራት የአዲስ አበባው ኩባንያ አይኮግ ላብስ የተሳተፈባት፣ በ2018 ወደ ከተማችን ስትመጣ አንዳንድ ክፍሎቿ ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ ጠፍቶባት ነበር። በእኛ ግምት ከብዙ የአኒሜ ሴራ ይህ ይበልጣል። የእርስዎ ሮቦት የጉልበት ማርሽ ብትፈልግ ማን ያዝዝላታል፣ ምንዛሪው ከየት ይመጣል፣ ጉምሩክ ምን ብሎ ይመዘግበዋል? ከሁሉ በፊት የገዛት ማን እንደሆነ ይወስኑ፤ «ፕላስቲክ ሜሞሪስ» ውስጥ ተራ ቤተሰብ ሁሉ ጊፍቲያ አለው፣ ዋጋዋን ግን ለመክፈል የሚቸገር ሰው አናይም።

«ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ጓደኞቿ አይተውታል። ልፍቀድላት?»
እናት፣ ስድስት ኪሎ

ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው 24 ደቂቃ ገደማ ናቸው፤ በድምሩ 5 ሰዓት ያህል። ሊከብዳት የሚችለው መለያየቱ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አንዲት አሮጊት እንደ ልጅ ልጅ ያሳደገቻትን ትንሽ ጊፍቲያ አሳልፋ ስትሰጥ ይታያል፤ በቅርቡ ዘመድ የሞተበት ቤት ከሆነ ይቆይ። ካልሆነ ያንን ክፍል አብረው ይዩት፤ ቀሪውን መፍቀድ አለመፍቀድዎን ከዚያ ይወስናሉ።