ኮዱ ላይ የደመራችሁት 6

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነሽ፤ እዚሁ ባሕር ዳር ነው የምትማሪው። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከሦስት ጓደኞችሽ ጋር ሆነሽ በአርዱዊኖ (ኮድ ተጽፎላት በምትሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የውሃ ሙቀት መለኪያ ሠርታችኋል፤ በሚቀጥለው ወር ለወላጆች ቀን ታቀርቡታላችሁ። እናትሽ «ፊዚክስ እንጀራ አይሆንም፣ ኮምፒውተር ተማሪ» ይሉሻል፤ አንቺ ግን ሁለቱን መነጠል አቅቶሽ የትኛውን ልምረጥ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እኔን የያዘኝ እግረ መንገድሽን የጻፍሻት አንዲት መስመር ናት፦ «የፈላ ውሃ ውስጥ ስንከተው 94 ብቻ ስላለን፣ 100 እንዲመጣ ኮዱ ላይ 6 ደመርንበት።»

እህቴ፣ ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ልክ ነበር። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ከባሕር ወለል እኩል በሆነ ቦታ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን ውሃውን የሚጫነው አየር ይሳሳል፤ ውሃውም ቶሎ፣ ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚቆይ እናትሽን ጠይቂያቸው። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ጣና ያለው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አካፍይው፤ 6 ይመጣል። ደብረ ታቦር ብትወጪ 91 አካባቢ ታገኛለሽ፤ መተማ ብትወርጂ ወደ 98 ይጠጋል። እናንተ መጽሐፉ ላይ ያለውን 100 አምናችሁ፣ በእጃችሁ የለካችሁትን ከተማችሁን አረማችኋት።

ያ 6 ደግሞ ፈላም አልፈላም በሁሉም ልኬት ላይ ተደምሯል። ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ 29 ዲግሪ አገኘንበት ያልሽኝ ውሃ፣ ሴንሰሩ ያየው 23 ነው። ዓሣ ለማርባት የሚያስብ ሰው ቁጥራችሁን አምኖ ቢነሳ ምን እንደሚገጥመው አስቢው።

ይህን የምልሽ ላሳቅቅሽ ብዬ አይደለም። ለዓመታት ሥራ ፈላጊዎችን ሳማክር ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ቀጣሪው «ምን ሠራችሁ?» ሲል ሁሉም ይመልሳል። «ምን ተበላሸባችሁ? ችግሩን እንዴት አገኛችሁት?» ሲል ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አንቺ ገና ከትምህርት ቤት ሳትወጪ ሁለት መልስ አለሽ። አንዱ ይህ 6 ነው።

ሁለተኛውን እንደ ቀላል ነገር አልፈሽዋል። «ለሦስት ቀን ስክሪኑ ከዜሮ በታች 127 እያለ አስቸገረን» ብለሻል። ይህ ቁጥር የሙቀት ልክ አይደለም፤ ፕሮግራሙ «ሴንሰሩን አላገኘሁትም» የሚልበት ምልክት ነው። የተጠቀማችሁበት ዲኤስ18ቢ20 ሴንሰር በዳታ ሽቦውና በ5 ቮልቱ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ይፈልጋል፤ እናንተ ሽቦዎቹ በሚሰኩበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ፣ ብሬድቦርዱ ላይ፣ አንድ ቀዳዳ ስታችሁ ሰክታችሁት ኖሯል። ጓደኞችሽ ኮዱን አሥር ጊዜ ሲቀያይሩ አንቺ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣትሽ እየተከተልሽ ደረስሽበት። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ጥገና ላይ ብታስቀምጪው፣ ላቦራቶሪ ብታስገቢው ይፈለጋል።

አሁን ወደ ምርጫሽ። ከዚህ ሥራ ውስጥ ምሳ ያስረሳሽ የትኛው ነው? ሽቦ መከተሉ ከሆነ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ግቢ ያለው ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ይስማማሻል። ኮድ መጻፉ ከሆነ ሶፍትዌር አለ፤ እሱም እዚያው ነው። «94 ለምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ደግሞ ፔዳ ግቢ ፊዚክስ። እናትሽ ግን ያለ ምክንያት አልተናገሩም። አገራችን ውስጥ የፊዚክስ ምሩቅ በብዛት የሚያገኘው ሥራ መምህርነት ነው። ማስተማር የማትወጂ ከሆነ ፊዚክስን አንደኛ ምርጫሽ አታድርጊው። የምትወጂው ከሆነ ግን፣ አርዱዊኖ ክፍል ይዞ የሚገባ የፊዚክስ መምህር ምን ያህል እንደሚናፈቅ ከራስሽ መምህር አይተሻል።

እኔን ካልሽኝ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተርን አስቀድሚ። ፊዚክሱም ኮዱም በየቀኑ እጅሽ ላይ ይሆናሉ፤ ለእናትሽም ይህንኑ አስረጂያቸው። የዲፓርትመንት ምደባው በአብዛኛው በፍሬሽማን (በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት) ውጤት ስለሆነ ሒሳብን እንዳትለቂ።

እስከዚያው ግን 6ቱን ከኮዱ አውጡት። ለመምህራችሁም ሌላ ሰው ሳያገኘው ራሳችሁ ንገሯቸው። ከዚያ ከጁስ ቤት በረዶ ለምናችሁ አድቅቁትና ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ አማስሉት፤ ሴንሰሩን መሐሉ ላይ ክተቱት። በረዶና ውሃ አንድ ላይ ያሉበት ዕቃ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ታቦር 0 ነው። ይህ ሴንሰር ከ85 ዲግሪ በታች ግማሽ ዲግሪ ያህል ሊስት ስለሚችል፣ 0.5 ቢላችሁ ጤነኛ ነው። ከ85 በላይ ስህተቱ ሊሰፋ ስለሚችል ለ94ቱም ይህን አስቡለት። ቀኑን፣ የጠበቃችሁትን፣ ያገኛችሁትንና የቀየራችሁትን በአንድ ደብተር ጻፉ፤ ሽቦውንም ፎቶ አንሱት። ነገ ከሲቪሽ ጋር ይዘሽው የምትሄጂው ያንን ደብተር ነው።

ለወላጆች ቀን ስክሪኑ 94 ብሎ ይቅረብ፤ ለምን 94 እንደሆነም አጠገቡ ካርቶን ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። በረዶው ውስጥ ስንት እንዳላችሁ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።