ከባንክ ወደ ስታርትአፕ ልመለስ?

ጥያቄ፦ ከስድስት ዓመት በፊት ጓደኞቼ ባቋቋሙት የሶፍትዌር ስታርትአፕ እሠራ ነበር። ደመወዛችን ሦስት ወር ሲቋረጥ፣ ትዳር ልመሠርት ስለነበር አንድ የግል ባንክ ገባሁ። ዛሬ የክፍል ኃላፊ ነኝ፤ በሠራተኛ ብድርም ቤት ገዝቻለሁ። ሆኖም በሞባይል መተግበሪያችን ላይ ያለች አንዲት የተሳሳተች ቃል ለማረም አራት ፊርማ ስጠብቅ ስድስት ሳምንት ባለፈኝ ጊዜ፣ ከምወደው ሥራ ምን ያህል እንደራቅሁ ተሰማኝ። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ አሁን ከማገኘው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛውንና «ድርሻ» ሊሰጠኝ ለአዲስ ድርጅቱ ጠርቶኛል። ባለቤቴ ግን ፈርታለች። ምን ይመክሩኛል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የቤት ብድሩን በአንድ ሐረግ አልፈውታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው እሱን ነው። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጡት ብድር ከሥራ ውሉ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ቀሪው ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መደበኛው ወለድ ይዞራል። ስለዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የብድር ውሉን ከባለቤትዎ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ ያንብቡ፤ በአዲሱ ወለድ የሚመጣውን ወርሃዊ ክፍያ ከባንኩ ጠይቀው ከአዲሱ ደመወዝ ላይ ይቀንሱ። የተረፈው ለአስቤዛና ለትራንስፖርት የማይበቃ ከሆነ ባለቤትዎ የፈሩት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው።

«ድርሻ» የተባለውም በቃል ብቻ እንዳይቀር። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የድርሻ ዝውውር በጽሑፍ መደረግና በማኅበሩ መዝገብ መስፈር አለበት። ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ስንት ዓመት ሲሠሩ የእርስዎ እንደሚሆን፣ ቀድመው ቢለቁ ምን እንደሚቀርልዎ ተጽፎ ይፈረም። ባልደረባዎን አንድ ነገር ደግሞ ሳያፍሩ ይጠይቁት፦ ዛሬ በድርጅቱ ሒሳብ ያለው ገንዘብ የስንት ወር ደመወዝ ይከፍላል? ሦስት ወር ያለ ደመወዝ የሠራ ሰው ይህን መጠየቁ ነውር የለበትም።

ጡረታው ብዙም አያሳስብም፤ የእርስዎ 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ መዋጮ ከቀጠለ የባንኩ አገልግሎትዎ ይታሰብልዎታል። መዋጮው በትክክል ገቢ መደረጉን ግን ይከታተሉ።

ብድሩን በአዲሱ ወለድ ችለው፣ የስድስት ወር ወጪም በእጅዎ ካለ፣ እኔ ሂዱ እላለሁ፤ የሚወዱትን ሥራ ማጣት ሰውን ቀስ በቀስ እንደሚጎዳው በብዙ አንባቢዎቻችን ደብዳቤ አይቻለሁ። ካልሆነ አንድ ዓመት ቆጥበው ይነሡ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ባንኩ ለሥልጠና የከፈለልዎና አገልግለው የሚመልሱት ግዴታ ካለም አስቀድመው ያጣሩ።