በጥቁሮቹ ቁልፎች ብቻ

ጥያቄ፦ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ዜማም እደርሳለሁ። ኖታ ግን አላነብም፤ እጄም ከጥቁሮቹ ቁልፎች ብዙ አይርቅም። አሜሪካዊው ዜማ ደራሲ ኢርቪንግ በርሊንም እንደዚሁ ነበር ይባላል። እውነት ነው? እንዴትስ ሠራ? (ከጅማ፣ ሄርማታ)

መልስ፦ እውነት ነው። በርሊን እ.ኤ.አ. በ1888 በሩሲያ ግዛት ተወልዶ በ5 ዓመቱ ኒው ዮርክ ገባ። አባቱ ሲሞቱ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር፤ ጋዜጣ አዞረ፣ ኋላም መጠጥ ቤት ውስጥ እየዘፈነ አስተናገደ። ፒያኖ መነካካት የጀመረውም እዚያው፣ እንግዳ ከሄደ በኋላ ነው። በ1911 «የአሌክሳንደር ራግታይም ባንድ» የተባለው ዘፈኑ ስሙን አስጠራው፤ በ1942 ደግሞ ቢንግ ክሮስቢ «ዋይት ክሪስማስ»ን ዘፈነለት። በ1989 በ101 ዓመቱ አረፈ።

የሚጫወተው ከኤፍ ሻርፕ (ከሦስቱ ተርታ ጥቁሮች የመጀመሪያው) በሚነሳ ስልት ብቻ ነበር፤ አምስቱ ጥቁሮችና ሁለት ነጮች ማለት ነው። ዘፋኙ ሌላ ድምፅ ሲፈልግስ? ልዩ ፒያኖ ነበረው፦ ማንሻዋን ሲገፋ፣ እጁ ሳይንቀሳቀስ ድምፁ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ኖታውን የሚጽፉለት እንደ ሄልሚ ክሬሳ ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። እሱ ዜማውን ያሰማል፤ ጸሐፊው ኮርዶችን (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) እያቀያየረ ይጫወትለታል፤ የፈለገው ሲመጣ «እሱን!» ይላል። ማንበብ ባይችልም ጆሮው የሚሳሳት አልነበረም።

ወደ እርስዎ እንምጣ። ከኤፍ ሻርፕ ተነስተው አምስቱን ጥቁሮች ቢወጡ የሚያገኙት ትዝታ ሜጀር ነው፤ እጅዎ እዚያ መልመዱ አይገርምም። አምባሰል ግን እንዲህ አይገኝም። ከዚያው ከኤፍ ሻርፕ ቢነሳ እንኳ ከሚያስፈልጉት ድምፆች ጂ፣ ቢ እና ዲ ነጮች ናቸው፤ እነሱን መልመድ ግድ ነው።

የበርሊን ማንሻ በእርስዎ ኪቦርድ ላይ «ትራንስፖዝ» የሚለው ቁልፍ ነው። እጅዎ ኤፍ ሻርፕ ላይ ሆኖ ድምፁ ሲ እንዲሆን −6፣ ዲ እንዲሆን −4 ያድርጉ። ጣጣው ሁለት ነው። ቤዝ ተጫዋቹ «በምን ነው?» ሲልዎ የእጅዎን ሳይሆን የሚሰማውን ይንገሩት፤ አለዚያ ዘፈኑ ሲጀመር ሁለታችሁም ትፋጠጣላችሁ። ሁለተኛው መብራት ነው፦ ሄዶ ሲመለስ ብዙው ኪቦርድ ትራንስፖዙን ወደ 0 ይመልሰዋል። ቁጥሩን በፕላስተር ጽፈው ኪቦርዱ ላይ ይለጥፉ፤ ዘፋኙ ማይኩን ከማንሳቱ በፊት መልሰው ይሙሉት።