ያ ጦርነት በቀበሌ በር ሲገባ

ባለፈው እትም ስለ ድሮው አብዮት አደባባይ ሁለት አንቀጽ ብጽፍ ጉድ ፈላ። ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው ከወጣት ነው፤ "አባቴ አይናገርም"፣ "እማዬ ወሬ ትቀይራለች" የሚል። እሺ፣ ዛሬ ዓምዱ ሙሉ ለሱ ይሁን፤ ከ1967 እስከ 1983 ስለነበረው የእርስ በርስ ጦርነት። ኤርትራ ውስጥ እንኳ ተኩሱ የጀመረው በ1953 ነው፣ ግን እናንተ የጠየቃችሁኝ የደርጉን ዘመን ነው። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግኩ፣ ደርግ ሲወድቅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበርኩ ሰው ነኝ። የጠያቂ ስም አላወጣም፣ ሰፈራችሁን ብቻ እጽፋለሁ።

ከስታዲየም አካባቢ፦ *ጋሼ፣ አባቴ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፣ ኤርትራ ዘምቷል። ቲቪ ላይ የጦርነት ነገር ከመጣ ቻናል ይቀይራል። አንድ ቀን ብቻ ሞቅ ሲለው "ናደው ራሱ ተናደ" አለና ዝም አለ። ናደው ማነው?*

ናደው ሰው አይደለም፣ ዕዝ ነው። ያኔ ሰሜን የነበረው ጦር በየዕዙ ተከፍሎ ስሙ ሁሉ ቁጣ ቁጣ ይል ነበር። ናደው፣ ውቃው፣ መንጥር፣ መክት። ናደው አፍአበት ላይ ሰፍሮ ወደ ናቅፋ ዞሮ ይጠብቃል። ናቅፋ ተራራ ላይ ነው፣ ሻዕቢያ ደግሞ ተራራውን እንደ ፍልፈል ቆፍሮ ገብቶበታል። በ1974 ደርግ "ቀይ ኮከብ" ብሎ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰልፎ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሱ አስመራ ሄዶ ተቀምጦ፣ ናቅፋን ሳይዝ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ ምሽግ ለምሽግ መፋጠጥ ነው።

መጋቢት 8 ቀን 1980 ሻዕቢያ ከምሽጉ ወጥቶ አጠቃ። በሦስት ቀን ውስጥ ናደው የሚባል ዕዝ አልነበረም። አባትህ "ተናደ" ያለው ይሄንን ነው። ወደ ከረን ሊወጣ የሞከረው የታንክና የመኪና ሰልፍ ጠባብ የተራራ ማለፊያ ላይ ሲደርስ የፊቱ ተመታና መንገዱ ተዘጋ፣ የኋላው ወደፊትም ወደኋላም መሄጃ አጣ፣ እዚያው እንደቆመ የገዛ አየር ኃይላችን መጣና ታንኮቹ በሻዕቢያ እጅ እንዳይገቡ ብሎ ደበደባቸው። ሦስት የሶቪየት መኮንኖችም ተማረኩ።

ከዚህ ሁሉ ግን ለእኔ የሚከብደኝ ሌላ ነው። ውጊያው ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የናደው አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በራሳቸው መንግሥት ትእዛዝ ተረሽነዋል። ያ ሁሉ ልጅ ምሽግ ውስጥ ሆኖ ይሄን ሰምቷል።

ምክር ከፈለግክ፣ "ስንት ሰው ገደልክ" ብለህ እንዳትጀምረው። ስለ ምግብ ጠይቀው። እኔ አንድ የአባቴን ጓደኛ ያስወራሁት በኮቾሮ ነው፤ ያ ጥርስ የሚሰብር የወታደር ብስኩት። "በምን ነበር የምታለሰልሱት?" አልኩት። ሁለት ሰዓት አወራኝ።

ከፒያሳ፦ *የአያቴ ሳሎን ውስጥ የአንድ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል። አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ። የእናቴ ወንድም ነው፣ በ1970 ሞተ ይሉኛል። መቃብሩ የት ነው ስል ሁሉም ዝም። ለቅሶም አልተቀመጡለትም አሉ። ለምን?*

እህቴ፣ ሰሜን ያለው ጦርነት ለአዲስ አበባ ሩቅ ነበር። የአዲስ አበባው ጦርነት ይሄ፣ የአጎትሽ ነው።

ባጭሩ ልንገርሽ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አወረደ። ኢሕአፓ የሚባለው የግራ ፓርቲ "ሥልጣን ለሕዝብ" አለ፣ ሌላው የግራ ፓርቲ መኢሶን ለጊዜው ከደርግ ጋር ቆመ። ሁለቱም የተማሪ ልጆች ነበሩ፣ አንድ መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንድ ካፌ የጠጡ። በ1969 መጀመሪያ መንግሥቱ ላይ ተተኮሰ፣ ኢሕአፓ የመኢሶንና የቀበሌ ሰዎችን በየመንገዱ መግደል ጀመረ። ደርግ ይሄን "ነጭ ሽብር" አለው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ አብዮት አደባባይ፣ ዛሬ መስቀል አደባባይ ባልነው ቦታ፣ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸው ጠርሙሶች ሕዝብ ፊት ሰባበረ። የጠላት ደም ይሄ ነው ማለቱ ነው። "ቀይ ሽብር" የሚባለው የደርግ ግድያ ይሄ ነው። በዚያው ወር፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ።

ገዳዩ ማን ነበር ካልሽኝ፣ ብዙ ጊዜ የሰፈር ሰው ነው። ቀበሌ በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ሲቋቋም ሥራው ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን ማስተዳደር ነበር። ኪራይ ሰብሳቢ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያው ቢሮ ጠመንጃ ተሰጠው፣ እስር ቤት ከፈተ፣ "ነፃ እርምጃ" ተፈቀደለት። ነፃ እርምጃ ማለት ያለ ፍርድ መግደል ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። የማን ልጅ የት እንደሚያመሽ የሚያውቅ ሰው ነው መሣሪያ የያዘው።

ሬሳ መንገድ ላይ ይጣል ነበር፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ። ማልቀስ ክልክል ነው። ልጃቸውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦች አሉ። እናቴ ያኔ ተማሪ ነበረች። አንዲት ጎረቤታቸው ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ልጇን አስፋልት ዳር አየችው። አልቆመችም። አለፈችው፣ ዞራ ቤቷ ገባች፣ ምጣድ ጣደችና እስኪመሽ እንጀራ ጋገረች። ሊጡ ሲያልቅ ከጎረቤት ተበደረች። ሰው ሲገባ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች "ጭሱ ነው፣ እንጨቱ እርጥብ ነው" ትላለች። እናቴ ይሄን ስትነግረኝ ሁልጊዜ እንጨቱ ደረቅ እንደነበር ትጨምራለች።

መቃብሩን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ በጅምላ ነው የተቀበሩት። ከ1983 በኋላ ጉድጓዶች ተቆፍረው አጽም ወጥቷል። መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ በ2002 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። እዚያ የሟቾች ፎቶ፣ ልብስና አጽም ታያለሽ። ሂጂ። አያትሽን ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት ግን ጠይቂያት፣ በድንገት እንዳታደርጊው።

ከአራት ኪሎ፣ ተማሪ ነኝ ካለ ልጅ፦ *ደርግ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጦር፣ ሚግ፣ ታንክ ነበረው። እንዴት በሽምቅ ተዋጊ ተሸነፈ? ጦርነቱንስ ምን ብለን እንጥራው?*

ሚግ ምሽግ አይጠብቅልህም ወንድሜ። እያንዳንዱ አዛዥ ጎን አንድ የፖለቲካ ኮሚሳር፣ አንድ ደግሞ የደህንነት ሰው ተቀምጦ ይከታተለው ነበር። ሰውየው ከጠላት በፊት ጎረቤቱን ነው የሚፈራው። ግንቦት 8 ቀን 1981 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ ምርጥ የተባሉት መኮንኖች አንድም ሞቱ አንድም ታሰሩ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ሶቪየቶች ደግሞ ጎርባቾቭ ከመጣ በኋላ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሽሬ በየካቲት 1981 በሕወሓት እጅ ሲወድቅ መንግሥት ትግራይን ለቆ ወጣ፣ ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ አስመራ በባሕር የሚደርሳት ስንቅ ቆመ። ሕዝቡም ነበር ጉዳዩ። በሰኔ 1980 ሐውዜን ላይ በገበያ ቀን ከአየር ቦምብ የጣለ መንግሥት ከዚያ ወዲያ ገበሬውን "ከእኔ ጋር ሁን" ቢለው ማን ይሰማዋል?

"ምን ብለን እንጥራው" ላልከው፣ የእርስ በርስ ጦርነት በለው። ያኔ በሬዲዮ ማንም እንደዚያ አይለውም ነበር። ደርግ "ገንጣይ አስገንጣይ" እና "ወንበዴ" ይላል፣ ተዋጊዎቹ ደግሞ ደርግን "ፋሽስት" ይላሉ።

ከካዛንቺስ፣ አንዲት እናት፦ *ልጄ፣ ስለ አብዮት አደባባይ ስትጽፍ ስለ አፈሳ አንድ ቃል አላልክም። የመጀመሪያ ልጄን በ1981 ከዳቦ ሰልፍ ላይ ነው የወሰዱት። ዳቦውን ጎረቤት አመጣልኝ። ጻፈው እንጂ።*

እማማ፣ ልክ ነዎት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሕጉ የወጣው በ1975 ነው፣ ብሔራዊ ውትድርና ተብሎ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው 6 ወር ይሠለጥናል፣ 2 ዓመት ያገለግላል። ወረቀቱ ላይ ሥርዓት ያለው ይመስላል። እርስዎ እንደሚያውቁት ግን ቀበሌው የሚላክለት የሰው ቁጥር ነው፣ ኮታ። ኮታው ካልሞላ አፈሳ። ከሲኒማ በር፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከጠላ ቤት። ዕድሜ የሚጠይቅ የለም፣ ቁመት ነው የሚታየው። የሄደው ልጅም 2 ዓመቱ ሲያልቅ አይመለስም።

እኛ ቤት ታናሹ አጎቴ ቆጥ ላይ ነበር የሚያድረው። የጤፍ ጆንያ ተደርድሮ ከጀርባው ፍራሽ። እኔ ደግሞ ሕፃን ስለሆንኩ አፌ አይታመንም፣ አጎቴ ጅማ ሄዷል ተብያለሁ። አንድ ሌሊት ጣሪያው አስነጠሰ። እናቴ "አይጥ ነው" አለችኝ፤ እኔም ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ የሚያስነጥስ አይጥ አለን ብዬ አወራሁ። አሁን እንስቃለን። ያኔ እናቴ ገርፋኛለች፣ ከመግረፏ በፊት ግን በር ዘጋች።

መጨረሻ ላይ ዩኒቨርሲቲውም አልቀረም። በ1983 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ። ሳይዘምቱ መንግሥቱ ወደቀና ብዙዎቹ በእግር ኬንያ ገቡ።

እማማ፣ ልጅዎ ይመለስ አይመለስ አልነገሩኝም። መናገር ከፈለጉ ቢሮ ይደውሉልኝ፣ ካልፈለጉም ይተዉት።

ከሜክሲኮ፦ *ደርግ የወደቀ ቀን አዲስ አበባ ምን ትመስል ነበር?*

አንድ ቀን አይደለም፣ ሦስት ማክሰኞ ነው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ግንቦት 13 ነው። ሬዲዮ መንግሥቱ አገር ጥሎ ሄደ አለ። ዚምባብዌ። አባቴ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቪኦኤና ዶይቼ ቬለ የሚሰማ ሰው ነው፤ ያን ቀን ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ድምፁን ከፍ አደረገው። ከመንግሥቱ መሄድ ይልቅ ያ ነው ያስደነገጠኝ። ከሁለት ቀን በኋላ አፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የነበረው የሌኒን ሐውልት ተገነደሰ። ሌኒን ወደ ቦሌ ዞሮ እግሩን አንሥቶ ነበር የቆመው፣ የከተማው ሰው "ኤርፖርት ሊሄድ ነው" ይል ነበር። ዓርብና ቅዳሜ ሰማዩ በአውሮፕላን ድምፅ ተሞላ፤ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እኛ ልጆቹ እየቆጠርን ነበር፣ ጠፋብን።

በዚያ ሳምንት ነው ወታደሮቹ መምጣት የጀመሩት። ከየግንባሩ፣ በእግር፣ እግራቸው አብጦ። አንዱ በራችንን አንኳኳ። ምግብ የጠየቀ መስሎን እናቴ እንጀራ ስታወጣለት "እናቴ፣ ሱሪ" አላት። ሲቪል ሱሪ። የአባቴን ቡኒ ሱሪ ሰጠችው። ጓሮ ቀይሮ ሲወጣ ሱሪው አጥሮት ቁርጭምጭሚቱ ይታያል፣ ጫማው ግን የወታደር ነው። እናቴ ጫማውን አየችው፣ እሱም አየው። ማሰሪያውን ፈታና ባዶ እግሩን ሄደ። ጫማው ጓሮ ብዙ ጊዜ ቆየ፣ ማንም አልነካውም።

ሁለተኛው ማክሰኞ ግንቦት 20 ነው። ሌሊቱን መድፍ ነው፣ ንጋት ላይ ታንክ። ከኛ ሽቅብ ቤተ መንግሥቱ ጋ ውጊያ ነበር፣ አልጋ ሥር ተኝተን ሰማነው። ረፋዱ ላይ ጸጥ አለ። ብቅ ስንል ቁምጣ የለበሱ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ፣ ጸጉራቸው የተንጨባረረ የኢሕአዴግ ልጆች በግድግዳው ጥግ ጥግ ይሄዳሉ። አንዷ ሴት ናት። ክላሿን ሳታወርድ ውሃ ለመነች፣ ጠጣችና ጣሳውን አጥባ መለሰች። ሰፈሩ ለቀናት ስለዚያ ጣሳ አወራ። የተደሰተ ነበር፣ ያለቀሰ ነበር፣ በሩን ቆልፎ የተቀመጠም ነበር፤ "ሕዝቡ በሙሉ እንዲህ ተሰማው" የሚልህን ሰው አትመነው።

ሦስተኛው ማክሰኞ ግንቦት 27 ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሊነጋጋ ሲል በስተደቡብ፣ ንፋስ ስልክ በኩል፣ የጥይት ግምጃ ቤት ፈነዳ። ሰማዩ ቀላ። ጦርነቱ ተመለሰ ብለን ብርድ ልብስ ለብሰን ደጅ ወጣን። ብዙ ሰው ሞተ። የ1977ን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን እዚያ ነው ክንዱን ያጣው፣ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም እዚያው ሞተ።

እኛ ቤት የሳሎኑ መስኮት ተሰነጠቀ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። አባቴ "መስታወት ሲረክስ እንቀይረዋለን" ብሎ በፕላስተር ለጠፈው። ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ዕቃ ልናወጣ ገብቼ ነበር። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል እንጂ እዚያው ነበር።