የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሱፐር ማሪዮ ስውር ቦታዎች

ጥያቄ (ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)፦ ሱፐር ማሪዮ የተባለው ቪዲዮ ጌም ላይ «ወርልድ -1» የሚባለውን ስውር ቦታ እየፈለግን ነው። የ1-2 (የ1ኛው ዓለም 2ኛ ደረጃ) መጨረሻ ላይ ግድግዳውን ሰንጥቆ ማለፍ ለምደናል፤ ከማዶ ካሉት ሦስት ቱቦዎች በግራው ስንወርድ ግን ሁልጊዜ 4-1 ላይ ያወጣናል። ምኑን ነው የሳትነው?

መልስ፦ የሳታችሁት ጊዜውን ነው። 4፣ 3፣ 2 የሚሉት ቁጥሮች ከቱቦዎቹ በላይ ከወጡ ወዲያ ያ ቱቦ ወደ 4ኛው ዓለም እንጂ ሌላ የትም አይወስድም። ስክሪኑ ወደ ኋላ ስለማይመለስ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ከራቃችሁ ያ ዙር አበቃ። በጣሪያው ተሻግሮ ቱቦዎቹን አይቶ መመለስም አይሠራም።

ከመጀመሪያው እንየው። እንጉዳይ በልታችሁ ትልቅ ሁኑ። ከመውጫው ቱቦ በላይ፣ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀውን አንዱን ጡብ ተዉና በግራው ያሉትን ሁለቱን ስበሩ። ከዚያ ቱቦው ላይ ወጥታችሁ ግራ ጠርዙ ላይ ቁሙ፤ ማሪዮ ወደ ግራ ይይ። ቁጢጥ እንዳላችሁ ዝለሉና አየር ላይ ወደ ቀኝ ተጫኑ። ጫፉ ጡቡ ውስጥ ከገባ፣ ጌሙ ራሱ ማሪዮን ወደ ቀኝ ገፍቶ በግድግዳው ያሳልፈዋል። ተመትቶ ከወደቀ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አቋቋም ላይ ነው፤ ትንሽ ወደ ጠርዙ ጠጋ በሉ። ወዲያ ማዶ እንደወጣችሁ አትራመዱ፤ የመጀመሪያው ቱቦ ላይ ቆማችሁ ወዲያው ታች ተጫኑ።

ምክንያቱ ደስ ይላል። 4-2 ላይ ወደ 5ኛው ዓለም ብቻ የሚወስድ አንድ ቱቦ አለ። ጌሙ ግን እንዲህ ያሉ ቱቦዎች ላሉበት ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ሦስት የዓለም ቁጥር ስለሚመዘግብ በ5 ግራና ቀኝ 36 ተጽፏል፤ 36 የባዶ ምስል ቁጥር ነው። የ1-2 ቁጥሮች ሳይወጡ ስትገቡ የሚነበበው ይህ ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ 36ኛው ዓለም ትገባላችሁ፣ ስሙም ባዶ ሆኖ «-1» ብቻ ይታያል። በመካከለኛው ቱቦ ብትወርዱ 5-1 ትደርሳላችሁ።

ውስጡ 2-2 ላይ የምታውቁት የውኃ መንገድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ቱቦ መልሶ ወደ መጀመሪያው ስለሚያመጣችሁ መውጫ የለውም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1986 በዲስክ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ -1፣ -2 እና -3 አሉ፣ ያልቃልም።

ጥያቄ (ጎርጎራ)፦ 6ኛው ዓለም ደርሼ ነፍሴ ሁሉ ሲያልቅ እንደገና ከ1-1 መጀመር ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ አይደለም። የመጀመሪያው ገጽ ሲመጣ «ኤ» (A) የሚለውን ቁልፍ ሳትለቁ «ስታርት» የሚለውን ተጫኑ፤ ከ6-1 ይጀምርልዎታል። ካሴቱ ምንም ስለማያስቀምጥ ግን መብራት ከጠፋ ይህም አብሮ ይጠፋል። ነፍስ እየሰበሰቡ ከሆነም ከ127 አያሳልፉ፤ ቆጣሪው ከዚያ በላይ ያለውን ከዜሮ በታች አድርጎ ስለሚያነበው፣ አንድ ጊዜ ሲሞቱ ጨዋታው ያልቃል።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ደረጃ ሲያልቅ ርችቱ አንዳንዴ ብቻ የሚተኮሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ባንዲራውን ሲነኩ የሰዓቱ የመጨረሻ አኃዝ 1፣ 3 ወይም 6 መሆን አለበት። የርችቱም ብዛት ያው አኃዝ ነው፤ እያንዳንዱ 500 ነጥብ ይሰጣል።