ጠፍቶ መልሶ የሚበራ ስክሪን

ጥያቄው ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ 12 ኮምፒውተር ያለው ማሠልጠኛ። ስክሪኖቹ 5 ደቂቃ ሥራ ሲፈቱ እንዲጠፉ ተደርጓል፤ ግማሾቹ ግን ጠፍተው ወዲያው ይበራሉ። ቀድሞ የመጣው ጠጋኝ ጥቁር ስክሪን ሴቨር (ሥራ ሲፈታ ስክሪኑን በምስል የሚሸፍን ፕሮግራም) ጭኖ «ይቆጥብልዎታል» ብሎ ሄዷል። የካርድ ቆጣሪው ሂሳብ እንደ ድሮው ያልቃል። የአንዱ ኬዝ ደግሞ ሲነኩት ይነዝራል።

ከሁሉ በፊት የሚነዝረውን ከሶኬት ይንቀሉት፤ እመለስበታለሁ።

ጠፍቶ ወዲያው የሚበራ ከሆነ ማውሱን ነው የምጠረጥረው። ርካሽ ማውስ በመስታወት ወይም በሚያብለጨልጭ ጠረጴዛ ላይ ማንም ሳይነካው ቀስቱ ይንቀጠቀጣል፤ ኮምፒውተሩ ሰው የመጣ ይመስለዋል። አንዱን ማውስ ነቅለው 6 ደቂቃ ይጠብቁ። ስክሪኑ ጠፍቶ ከቀረ ከማውሱ ሥር የማያብለጨልጭ ወረቀት ይለጥፉ፤ ካልሆነ ማውሱን ይቀይሩ። ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ገብቶ ማውሱ እንዳይቀሰቅስ መከልከል እዚህ አይረዳም፤ እሱ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ራሱ ሲተኛ ነው። ማውሱ ተነቅሎም ከበራ ምስሉን ከኬዙ ወደ ስክሪኑ የሚወስደውን የቪጂኤ ገመድ ሁለት ብሎኖች ያጥብቁ።

ስክሪን ሴቨሩን ያጥፉት። ሆዳቸው ትልቅ ለነበሩት ለድሮዎቹ ስክሪኖች የተሠራ ነው፤ በነሱ ላይ አንድ ምስል ለረጅም ጊዜ ከቆመ መስታወቱ ላይ ታትሞ ይቀር ነበር። የተለመደው ጠፍጣፋ ስክሪን ሌላ ነው። ምስሉ በራሱ አይበራም፤ ከጀርባው የማያቋርጥ መብራት አለ፣ ፊት ያለው ንጣፍ እንደ መጋረጃ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ጥቁር ማለት መጋረጃው ተዘጋ ማለት ነው እንጂ መብራቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ማታ አምፖሉን አጥፍተው ጥቁሩን ስክሪን ይዩት፤ ከጥጉ ግራጫ ብርሃን ሲያፈስ ያገኙታል። የሚበላው ዋት ያው ነው ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ 20 ዋት ቢወስድ፣ 12ቱ በቀን 6 ሰዓት በከንቱ ሲበሩ 1.44 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። በትክክል ሲጠፋ ግን አንዱ ከ1 ዋት በታች ነው።

ማታ ለመዝጋት ስክሪኖቹን ብቻ ማብሪያ ማጥፊያ ባለው ዲቫይደር ይሰብስቡ። ኬዞቹን አብረው አይሰኩ፤ ዊንዶውስ ሳይዘጋ ኃይል ከተቆረጠ ዲስኩ ላይ ያለው ሥራ ሊበላሽ ይችላል። ሽቦው እንደ ክር የቀጠነውን ርካሽ ዲቫይደር አይግዙ።

አሁን የሚነዝረው። ባለ ሦስት እግሩን ስፒና ቆርጦ ባለ ሁለት የቀጠለ ሰው አለ፤ ይሄ ጥገና አይባልም። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ወደ ኬዙ የሚጥለው ትንሽ ኃይል መውጫው ግራውንዱ፣ ማለትም በሦስተኛው እግር ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ነበር። ገመዱን በሙሉ ይቀይሩ፤ በፕላስተር አይጠቅልሉ። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ መኖሩን ብሬከሩን አውርደው ይዩ። ከሌለ ኤሌክትሪሺያን የግራውንዱን ሽቦ ከመሬት ያምጣው። ግራውንዱን ከኒውትራል (ከኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) ጋር ላጣምረው የሚልዎትን ይመልሱት፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት ኬዙ 220 ቮልት ይይዛል። ግራውንዱ እስኪገባ በዚያ ኮምፒውተር ተማሪ አይቀመጥ።