ኤክሴል ላይ ቀን መቁጠር፦ የሒሳብ ሠራተኞች ጥያቄና መልስ

ቀን አቆጣጠር ላይ ያስቸገራችሁን ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ሐምሌ 25 ቀን 2016 በዱቤ የሸጥነው ዕቃ መስከረም 5 ቀን 2017 ተከፈለን። ኤክሴል ሲቀንስ 41 ቀን አለኝ፤ በጣቴ ስቆጥር 45 ነው። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። የጣትሽን ያዢ። ከሐምሌ የቀረው 5፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ ከመስከረም 5፤ ድምሩ 45። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 25/11/2016 ብለሽ ስትጽፊ ኖቬምበር 25፣ 5/1/2017ን ደግሞ ጃንዋሪ 5 አድርጎ ወሰደው። ይህ አራት ቀን እንዳይናቅ፤ 500,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ቢወልድ 821.92 ብር ነው።

መፍትሔው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በየራሳቸው ዓምድ መጻፍ ነው። ከዚያ ዓመቱን በ365 አባዢ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምሪበት (ቀሪውን ኢንት የሚለው ፎርሙላ ይጥልልሻል)፤ ወሩን በ30 አባዝተሽ ጨምሪ፤ በመጨረሻ ቀኑን። ለሁለቱም ቀኖች እንዲህ አውጥተሽ ቀንሺ። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት ለ4 ማካፈሉ ራሱ ያስተካክለዋል።

ጥያቄ፦ ከዚሁ ቁጥር የፈረንጁን ቀን ማውጣት ይቻላል? ኦዲተሮቹ በእሱ ነው የሚፈልጉት።

መልስ፦ ይቻላል። 691,194 ቀንስለትና ሴሉን ወደ ቀን ፎርማት ቀይር። መስከረም 1 ቀን 2017 ስንሠራው 736,740 ይመጣል፤ ሲቀነስ 45,546፣ ማለትም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024።

ጥያቄ፦ ጥቅምት 30 ስጽፍ ሴሉ ውስጥ ወደ ግራ ይጠጋል፤ መቀነስም አይሆንም።

መልስ፦ 30/2ን ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ፈልጎ ስላጣው እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች እንዲሁ ትሆናለች። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዝም ብሎ የሚቀበለው ቀን ነው፤ ስህተቱ አይታይም።

ጥያቄ፦ መልሱ 45 መሆን ሲገባው 14/02/1900 ይላል።

መልስ፦ ስሌቱ ልክ ነው። ፎርማቱን ወደ ጄኔራል መልሰው።

ጥያቄ፦ ጥር 12 ሥራ የጀመረ ሠራተኛ እስከ ጥር 30 የስንት ቀን ደመወዝ ይታሰብለት? ኤክሴል 18 ይላል።

መልስ፦ የ19። መቀነስ የመጀመሪያዋን ቀን አይቆጥርም፤ ሠራተኛው ግን በ12ም ሠርቷል። 1 ጨምርበት። ለዱቤ ቀን ግን አትጨምር፤ ለወለድ ደግሞ ውሉ መጀመሪያ የሚለውን አንብብ።